አፋችን ምን ይዞ ያድራል?

ውድ አንባቢዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ከአዲስ አበባ ዳር ናቸው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከአቃቂ። እኔም የጥርስ ሐኪም ሆኜ የምሠራው እዚሁ ስለሆነ ጥያቄዎቹን ሳነብ የጻፏቸውን ሰዎች የማውቃቸው ያህል ነው የተሰማኝ። ውሃው በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰርቪሱ ሳይነጋ እንደሚነሳም አውቃለሁ። ማታ ደክሞት የሚገባ ሰው ራቱን ቀማምሶ ወዲያው አልጋው ላይ እንደሚወድቅም እንዲሁ። ስለዚህ በዚህ ኑሮ ውስጥ የሚቻለውን ነው የምነግራችሁ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። መልሶቼ ዞረው ዞረው ማታ ላይ ነው የሚያርፉት። ምራቅ የአፋችን ዘበኛ ነው፤ አሲዱን ያጥባል፣ የተጎዳውን የጥርስ ሽፋን በማዕድን መልሶ ያጠነክራል። ስንተኛ ግን ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ያኔ አፍ ውስጥ የቀረ ስኳርና የምግብ ትራፊ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሳችን ላይ ሲሠራ ያድራል። ጠዋት ብቻ የሚቦርሽ ሰው ብዙ ነው። በቀን ሁለቴ መቦረሽ ነው የሚፈለገው፤ አንዴ ብቻ ነው የምችለው የሚል ካለ ግን የማታውን ይምረጥ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ገላን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ብሩሹ በደም ሲቀላ ደነገጥኩና መቦረሹን ተውኩት። አሁን የወይራ መፋቂያ ብቻ ነው የምጠቀመው። አያቴ ጥርሳቸው ሳይወልቅ ያረጁት በመፋቂያ ነው። ግን ሥራ ቦታ ስናወራ ሰው ፊቱን ዞር የሚያደርግብኝ ይመስለኛል። አፌ ይሸታል መሰለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ድድሽን ያደማው ብሩሹ አይደለም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቆሻሻ ተቀምጦ ድዱን አስቆጥቶታል። ይህ ቆሻሻ ፕላክ ይባላል፤ የባክቴሪያ ክምችት ነው። ጠዋት ሳትቦርሺ ጥርስሽን በጥፍርሽ ጫር ብታደርጊው ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ሆኖ ይወጣልሻል። እሱ ሲቆይ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል። ደማ ብለሽ መቦረሽ ስታቆሚ ደግሞ ቆሻሻው ይጨምርና የባሰ ይደማል። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ብሩሽ ሳይነኩ የቆዩ ሰዎች ወደኔ ይመጣሉ። ጥርሳቸው አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ግን ይነቃነቃል። ያንቺ ገና እዚያ አልደረሰም፤ በዚህ ዕድሜሽ ከተያዘ ይመለሳል።

ዛሬ ማታ ጀምሪ። ማሸጊያው ላይ "ሶፍት" የሚል ለስላሳ ብሩሽ ግዢ። ጠንካራው በደንብ የሚያጸዳ ይመስላል እንጂ ድድ ይልጣል። ብሩሹን በጭብጥሽ አትያዢው፣ በጣቶችሽ ጫፍ ያዢው፤ ያኔ ብትፈልጊም ብዙ መጫን አትችዪም። ጸጉሩን ወደ ድድ ዘንበል አድርጊና ግማሹን ጥርሱ ላይ፣ ግማሹን ድዱ ጠርዝ ላይ አሳርፊው። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ትንንሽ ክብ እየሠራሽ ቀስ ብለሽ ነቅነቅ አድርጊው። ሁለት ሁለት ጥርስ እያልሽ ሂጂ። ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከማኘኪያው በኩል ስትጨርሺ ሁለት ደቂቃ ይሞላል። ሁለት ደቂቃ ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ አብዛኞቻችን ግን ግማሹንም አንቦርሽም።

አንድ ቦታ ልጠቁምሽ። የታችኛው የፊት ጥርሶችሽን ከጀርባቸው በምላስሽ ዳብሺያቸው። ለስላሳ ነው ወይስ ይሻክራል? ከምላስ ሥር ምራቅ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። በምራቁ ውስጥ ያለው ማዕድን እዚያ አካባቢ የቆየውን ቆሻሻ ቶሎ ያጠጥረዋል። ሰው ሁሉ ደግሞ የሚታየውን የፊቱን እየቦረሸ ይህንን ይረሳዋል። ብሩሹን ቀጥ አድርገሽ አቁሚውና በጫፉ ከድድ ወደ ላይ ጥረጊው። ከሻከረ ግን ጠጥሯል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፤ ክሊኒክ ሄደሽ ማሳጠብ አለብሽ። "ጥርስ ሲታጠብ ይሳሳል፣ ይነቃነቃል" የሚለውን አትስሚ። ጠጠሩ ሲነሳና የድዱ እብጠት ሲቀንስ በጥርሶች መሃል ክፍተት ይታያል፤ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። እሱ ያልፋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድማቱ አይቀርም። አትፍሪ፣ ቀጥዪ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ፣ ወይም ከድድሽ መግል ከወጣ፣ ወይም ጥርስሽ ከተነቃነቀ ሳትውዪ ሳታድሪ ታዪ።

መፋቂያሽን አልቀማሽም። በአግባቡ ከያዝሽው ጥሩ ነገር ነው፤ ሰርቪስ ስትጠብቂም፣ ምሳ ሰዓት ላይም ተጠቀሚበት። ጫፉን ጸጉር እስኪያወጣ አኝኪው፣ ያረጀውን ጫፍ በየቀኑ ቁረጪው፣ ጥርስሽን ወደ ጎን አትገዝግዢው፤ ከድድ ወደ ጥርስ ጥረጊበት። ችግሩ ከውስጥ በኩልና ከኋላ መንጋጋ ጋር በደንብ አይደርስም፤ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድም እንደ ጥርስ ሳሙና የለውም። ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽ ይሁንልሽ። ስለ አያትሽ ደግሞ፣ በእሳቸው ጊዜ ስኳር እንዲህ እንደዛሬው በየሻዩና በየለስላሳው አልነበረም። ጥርሳቸውን ያቆየላቸው መፋቂያው ብቻ አይመስለኝም።

ጠረኑን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ጨጓራዬ ነው ብሎ መድኃኒት ይውጣል። አብዛኛው መጥፎ የአፍ ጠረን የሚመጣው ግን ከራሱ ከአፍ ነው፤ ከታመመ ድድ፣ ከተቦረቦረ ጥርስ፣ ከምላስ የኋላ ክፍል። ቦርሸሽ ስትጨርሺ ምላስሽን ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ሦስቴ ጥረጊው። ድዱ ሲድን ጠረኑም አብሮ ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አብዛኛውን ወር ግን ጅቡቲ መስመር ላይ ነኝ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ኮካ ይዤ እየተጎነጨሁ ነው የምነዳው። ጫትም እቅማለሁ፣ አልዋሽም። ጥርሴን ቤት ስሆን አጸዳለሁ። ሁለት መንጋጋ አስነቅያለሁ፤ ሦስተኛውም ተቦርቡሯል። በቀኝ በኩል ድዴ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ይታያል። ስኳር ጭራሽ ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ መልሱን ያቀለለው እሱ ነው።

ስኳር አፍ ሲገባ ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ይመገቡትና አሲድ ያወጣሉ። በደቂቃዎች ውስጥ የጥርስ ላይ አሲድ ልኬት፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ5.5 በታች ይወርዳል። ከዚያ በታች ሲሆን የጥርስ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ነገሩን ወደነበረበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ ያስቡት። ቤት ቡና ተፈልቶ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም በስኳር ቢጠጡ፣ በአንድ ቁጭታ ስለሆነ ጥርስዎ የሚጠቃው ከሞላ ጎደል አንዴ ነው። አንዷን ኮካ ከሞጆ እስከ አዋሽ በየአሥር ደቂቃው ሲጎነጯት ግን ምራቅዎ አንዴም ፋታ አያገኝም። የስኳሩ መጠን እኩል ቢሆን እንኳ ጉዳቱ ይበልጣል። ኮካው በራሱም ኃይለኛ አሲድ ነው፤ ስለዚህ ስኳር የሌለውን ብገዛስ ካሉኝ፣ ስኳሩ ቀረ እንጂ አሲዱ አልቀረም።

መጠኑም ቀላል አይደለም። 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ያልበለጠ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች ይሁን ይላል። 25 ግራም ማለት ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው።

ጭራሽ ይተዉ አልልዎትም። ኮካ ካማርዎት ከምሳ ጋር ይጠጡትና በዚያው ይጨርሱት። መሪው አጠገብ የሚቀመጠው ውሃ ይሁን። ማስቲካ ካኘኩ ስኳር የሌለው ይሁን፤ ምራቅ ያመጣል። እንቅልፉን ግን፣ እባክዎን፣ ኮካም ጫትም አያድኑዎትም። ጥጉን ይዘው ያቁሙና ይተኙ። ይህን የምለው ስለ ጥርስዎ ብቻ ብዬ አይደለም።

ጫቱ ሁልጊዜ በቀኝ ጉንጭዎ ነው የሚቀመጠው፣ አይደል? ድድዎ የሸሸውም በዚያው በኩል ነው። ጫት አፍም ያደርቃል፤ ምራቅ በሌለበት ደግሞ አብሮት የሚጠጣው ስኳር እንዳሻው ይሆናል። የሸሸ ድድ ተመልሶ አያድግም። ባለበት እንዲቆም ማድረግ ግን ይቻላል። ቢተዉት ደስ ይለኛል። የተገለጠው የጥርስ ሥር ከላይኛው ሽፋን ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይቦረቦራል፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ማጽዳት አለብዎት። "ቤት ስሆን አጸዳለሁ" ያሉት ነገር አሳስቦኛል። አንድ ብሩሽና ትንሽ ሳሙና ጋቢናው ውስጥ ይኑርዎት። ብሩሹን በፌስታል አይጠቅልሉት፣ አየር ያግኝ። ማታ ገላፊም ይደሩ ሚሌ፣ ከመተኛትዎ በፊት ይቦርሹ። ጥብስ ከበሉ በኋላም ስቴኪኒውን ድድዎ ውስጥ አይሰኩት፤ በጥርሶቹ መሃል ቀስ ብለው ያሳልፉት። የጥርስ ክር ካገኙ ከእሱ ይሻላል።

ሦስተኛውን መንጋጋ ሳያምዎት ያስሞሉት። ቀዳዳው በራሱ አይድንም።

ጥያቄ፦ መተሐራ ነበር የምንኖረው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ኮዬ ፈጬ ገባን። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው። ትምህርት ቤት "አትቦርሽም እንዴ?" እያሉ ይስቁበታል። ልጄ ይቦርሻል፣ እኔው ቆሜ አስቦርሸዋለሁ። በከሰልም በጨውም አሸሁለት፣ አልለቀቀም። ታናሽ እህቱ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። እሷም እንዲሁ ትሆናለች?

መልስ፦ እመቤቴ፣ በመጀመሪያ ለልጅዎ ይህን ያንብቡለት። ጥርስህ ቆሻሻ አይደለም። ጥፋቱ ያንተም የእናትህም አይደለም።

በስምጥ ሸለቆ፣ ማለትም በመተሐራ፣ በወንጂ፣ በዝዋይ እና በመሳሰሉት አካባቢዎች፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እዚያ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነ ጉድጓድ አለ። ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ ሆነው የሚሠሩት ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጅ ያንን ውሃ ሲጠጣ የጥርሱ ሽፋን ሲሠራ ጀምሮ ይዛባል። ጥርሱ ሲወጣ ነጭ ሰረዝ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። ከላይ የተለጠፈ ስላልሆነ በመቦረሽ አይለቅም። በከሰልና በጨው ማሸቱን ያቁሙ፤ ቡናማውን አያነሳም፣ ጤነኛውን ሽፋን ግን ይፍቀዋል።

ሕክምና አለው። ቀለል ያለ ከሆነ የላይኛውን ስስ ክፍል በጥንቃቄ በመፋቅ ይቀንሳል። ጠንከር ያለ ከሆነ የጥርሱን ፊት በነጭ መሙያ መሸፈን ይቻላል። ለልጅ የምንመርጠው ጥርሱን ብዙ የማይነካውን ነው፤ ሌላው ሲያድግ ይደርሳል። የጥርስ ሐኪም አይቶ ይወስን።

ታናሽየዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚህ መሆኗ ዕድል ነው። እዚህ አካባቢ ያለው ውሃ በአብዛኛው እንደ ስምጥ ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ዓይነት ስጋት የለበትም። እዚያ ለቀሩ ዘመዶችዎ ግን ይንገሩልኝ፣ ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ይበዛል። ለትንንሽ ልጆች መጠጥና ምግብ ማብሰያ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተጣራ ውሃ ማግኘት ከተቻለ እሱ ይቅደም። በአንዳንድ ቦታ ከእንስሳት አጥንት በተዘጋጀ ከሰል የሚያጣሩ አሉ።

ይህን አንብቦ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሚጥል እንዳይኖር። ብዙ ሲዋጥ የሚጎዳው ነገር በትንሹ ጥርስ ላይ ሲቀባና ሲተፋ ጥርስን ከመቦርቦር ያድናል። ስለ መጠኑ ቀጥሎ ያለውን ደብዳቤ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ የአራት ልጆች አባት ነኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እኛ ጋ አይደርስም፤ በጄሪካን ተሸክመን ነው የምንወጣው። ለስድስት ሰው ጠዋትና ማታ ጥርስ ማጠቢያ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ አባወራው፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ። ለአንድ ሰው አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ይበቃል። ብሩሹን ትንሽ ማርጠብ፣ መቦረሽ፣ አረፋውን እንትፍ ማለት፣ በቀረችው ውሃ ብሩሹን ማጠብ፤ ከዚያ አለመጉመጥመጥ። አዎ፣ አለመጉመጥመጥ። አብዛኛው ሰው ቦርሾ ሲያበቃ አፉን ሞልቶ ሁለት ሦስቴ ይጉመጠመጥና ፍሎራይዱን ሁሉ ይደፋዋል። ተፍቶ መተው ለጥርስም ለጄሪካኑም ይበጃል። ልጆቹ ጣዕሙን ባይወዱት መጀመሪያ ላይ ያማርራሉ፤ በሳምንት ይለምዱታል።

ሳሙናው ላይ ፍሎራይድ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ይፈልጉ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስስ ቅባት፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሙሉ የሚሞሉትን አይዩ። ሳሙናውን ለልጆቹ የሚያወጣላቸው ትልቅ ሰው ይሁን። እስከ ሰባት ስምንት ዓመታቸውም እርስዎ ወይም እናታቸው ብትቦርሹላቸው ይሻላል፤ እጃቸው ገና አልጠናም።

ከአራቱ ስድስት ዓመት የሞላው ወይም የተቃረበ አለ? ዛሬ አፉን አስከፍተው ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ ይመልከቱ። እዚያ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይወጣል። ሲወጣ ምንም የወተት ጥርስ ስለማይወልቅ ወላጅ ልብ አይለውም። "የወተት ነው፣ ይወልቃል" ተብሎ ተትቶ ሲቦረቦር የማገኘው ጥርስ እሱ ነው። ሌላ የለውም። እስከ ሽምግልናው የሚያኝክበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አምስተኛ ወሬ ነው። ድዴ አብጦ ይደማል። አማቴ "ፅንሱ ካልሲየም ከጥርስሽ እየወሰደ ነው" ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፅንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ስለሚለዋወጥ ድድ ለትንሽ ቆሻሻ እንኳ ይቆጣል። ለገላኗ እህታችን የጻፍኩትን አንቺም አድርጊ። ጥርስ ማሳጠብ በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ አሁን ያለሽበት ወርም ምቹ ነው፤ እርጉዝ መሆንሽን ብቻ ንገሪያቸው። ካስመለሰሽ ወዲያው አትቦርሺ። አሲዱ ጥርሱን አለስልሶታል። በውሃ ተጉመጥመጪና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዪ።

ጥያቄ፦ በጾም ቀን ጥርስ መቦረሽ እንዴት ነው?

መልስ፦ የሃይማኖቱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። በእኔ በኩል ግን፣ ማታ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ የተቦረሸ ጥርስ የትኛውንም ጾም አይነካም። ረመዳን ለሚጾሙም ከሱሁር በኋላ እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የአቃቂ ሰው ነኝ። የልጅ ልጄ ስምንት ወሩ ነው። ተቅማጥና ትኩሳት ይዞታል። ጎረቤት ሁሉ "ግግ ነው፣ ይውጣለት፣ የሚያወጣ ሰው አለ" ይላል። እናቱ እንቢ አለች። እኛ እንዲሁ ነው ያደግነው። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎን አያስነኩት። እናቱ እንቢ ማለቷ ልክ ነው፤ ከጎኗ ይቁሙላት።

ድዱ ላይ አበጥ ብሎ ነጣ የሚለው ነገር በሽታ አይደለም። ሊወጣ የተቃረበ የወተት ጥርስ ነው። እሱን በምላጭ ወይም በሹል ነገር ሲያወጡት ሕፃኑ ብዙ ደም ሊፈስሰው ይችላል። ባልተቀቀለ መሣሪያ ቴታነስም፣ ኤች አይ ቪም፣ ሌላም ኢንፌክሽን ሊገባበት ይችላል። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አለ፤ እሱም አብሮ ይጎዳል። ትልቅ ሆነው የውሻ ክራንቻቸው ጠማማ ሆኖ የወጣባቸው ወይም ጭራሽ ያልወጣላቸው ሰዎች እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ሲጠየቁ በሕፃንነታቸው ግግ የወጣላቸው ናቸው።

ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ? በዚህ ዕድሜ ሕፃን መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ተጨማሪ ምግብም ይጀምራል። ጥርስ የሚወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ ስለተገጣጠሙ ጥርሱ ተወቀሰ። ጡት አያቋርጥ። ኦ አር ኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በማንኪያ ይስጡት፤ ዚንክም ጤና ጣቢያ ይሰጣል። ትኩሳት ስላለው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይታይ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ።

ሲሻለው፣ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በለስላሳ ብሩሽ ትጸዳ። ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ አይተኛ።

ጥያቄ፦ ጥርሴን ሌሊት ሌሊት ያመኛል። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ወስጄ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ተመለሰብኝ። ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ አደረግኩበት፤ ድዴ ተላጠ። አሁን በእጄ ያለው ብር ለማስነቀል ብቻ ነው የሚበቃኝ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ሌሊት የሚነሳ ሕመም ብዙ ጊዜ ቀዳዳው እስከ ጥርሱ ነርቭ መድረሱን ያሳያል። አሞክሳሲሊን ቀዳዳውን አይደፍነውም፤ ለተቆጣ ነርቭም አይሠራም። ኢንፌክሽኑ ሲሰራጭ፣ እብጠትና ትኩሳት ሲኖር፣ ሐኪም ያዝዘዋል። ያለ ትእዛዝ ሲወሰድ ለሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒቱን ያደክመዋል።

ነጭ ሽንኩርቱን አትድገሚው፤ ድድ ያቃጥላል። አስፕሪን ፈጭቶ ጥርስ ላይ ማድረግም እንዲሁ ነው። እስክትታዪ ድረስ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠሽ ተጉመጥመጪ፤ ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ውሰጂ። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ እሱም ለጊዜው ብቻ ነው። ስትተኚ ትራስሽን ከፍ አድርጊው።

ስለ ብሩ፣ ይህን ለአንባቢዎችም ጭምር ነው የምለው። ቀዳዳው ትንሽ እያለ ማስሞላት ነርቩ ከተነካ በኋላ ሥሩን ከማሳከም በጣም ይረክሳል፤ የሚያሳዝነው ያኔ ስለማያም ማንም አይመጣም። አንቺ ግን ከማስነቀልሽ በፊት ጥርሱ መዳን ይችል እንደሆነ ጠይቂ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ዋጋው ሊቀልልሽ ይችላል። መንጋጋ ሲነቀል ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ይዘነበላል፤ ከላይ ያለውም እየወረደ ይመጣል። የማይድን ከሆነ ደግሞ ይነቀል። ሕመሙን ተሸክሞ ከመቆየት እሱ ይሻላል።

ጉንጭሽ ወይም ከአገጭሽ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍሽን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሰሽ ድንገተኛ ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ሂጂ።